ከቤቴ በላይ የቆመው የቆዳ ፋብሪካ

ባሌ ጫካ የገባው ጣሊያን ደብረ ማርቆስን በያዘ በዓመቱ ገደማ ነው። ከተጋባን ብዙም አልቆየንም፤ ልጅም አልወለድን። ቤታችን ከከተማው በታች በኩል፣ ወንዙ ዳር፣ እሱ በገዛ እጁ ማገሩን ማግሮ ጭቃውን የመረጋት የሣር ክዳን ቤት ነበረች። የሄደ ለት ጠመንጃውን በጋቢ ጠቅልሎ በሩ ላይ ቆመና፣ «ከዚህ ቤት እንዳትንቀሳቀሺ። የትም ልዋል የት፣ የምመጣው እዚሁ ነው» አለኝ። ለሚጠይቀኝ ሰው «ለንግድ ወጥቷል» እንድል ተነጋገርን። ጎረቤቱ ሁሉ ንግዱ ምን እንደሆነ ያውቃል። የጠየቀኝ ግን አልነበረም፤ ያኔ በጎጃም አባወራው «ለንግድ» ያልወጣ ቤት ጥቂት ነበር።

እኔ የቄስ ልጅ ነኝ። አባቴ ሴት ናት ብሎ ሳይንቀኝ ዳዊት አስደግሞኛል። እሱም እናቴም ካረፉ በኋላ ዘመድ የምለው ቁይ በሚባል አገር ያለው አጎቴ ብቻ ነበር። ባሌ ሲሄድ ጥጥ እየፈተልሁ፣ ጠላ እየጠመቅሁ ለብቻዬ መኖር ጀመርሁ። መጀመሪያ አካባቢ ብቸኝነቱ ብዙም አልጎዳኝም፤ ጠላ ያለበት ቤት ሰው አያጣም። ከሰዓት በኋላ ሴቶቹ ፈትላቸውን ይዘው ይመጣሉ፤ እንዝርታችን እየሾረ ወሬያችን ይረዝማል።

በበጋው አንድ ጣሊያን ከቤቴ በላይ፣ ወንዙ ከሚታጠፍበት ላይ፣ ሰፊ መሬት አሳጥሮ የቆርቆሮ ቤት አቆመ። ለወታደሩ ጫማ፣ ለበቅሎው ኮርቻ የሚሆን ቆዳ የሚለፋበት ፋብሪካ ነው ተባለ። ትልልቅ ጉድጓዶች ተቆፈሩ፤ ኖራ በካሚዮን መጣ። ከየገጠሩም ቆዳ መፋቅ የሚያውቁ ሰዎች ተሰብስበው መጡና ከአጥሩ ሥር ጎጆ ቀለሱ። ያኔ «ፋቂ» እንላቸው ነበር። ከነሱ ጋር የሚበላ የለም፤ ዓይናቸው ይበላል ይባላልና ልጅ እንኳ ከፊታቸው ይደበቃል።

ሽታው የጀመረን ጠዋት ውሻ ሞቶ መስሎኝ ጓሮውን ሁሉ ዞርሁ። ከሰዓት በኋላ ነው ከላይ እንደሚመጣ የገባኝ። የበሰበሰ ሥጋና የኖራ ድብልቅ ነው፤ ጉሮሮ ላይ ተቀምጦ አልወርድም ይላል። ከጉድጓዶቹ የሚፈስሰው ውሃ ጠጉርና ሞራ ይዞ በጓሮዬ ያልፋል። ዝንቡን ለማን ልንገር! ሽታው ዱቄቱ ውስጥ ገባ፣ ጋቢው ውስጥ ገባ፣ ሹሩባዬ ውስጥ ገባ። ጠላውን ብጠነስሰው ሽታውን ጠጥቶ ይነሣል።

ሰው መጉደል የጀመረው ቀስ በቀስ ነው። መጀመሪያ ፈታዮቹ ቀሩ፤ ከዚያ ጠላ ቀጂዎቹ። በጣም የምንዋደድ ጎረቤቴ እንኳ ከላይኛው መንገድ ላይ ሆና፣ አፍንጫዋን በነጠላዋ ይዛ፣ «ደኅና ነሽ?» ትለኛለች። «ደኅና ነኝ» ስል ድምፄ ለራሴ እንግዳ ይሆንብኛል። አንዳንድ ቀን ከጠዋት እስከ ማታ ያቺ «ደኅና ነኝ» ብቻ ናት ከአፌ የምትወጣው። ቤተ ክርስቲያን ስሄድም ከጎኔ የቆሙት ሴቶች ትንሽ ፈንጠር ይላሉ። ክፋት አልነበረም። ሽታው ከልብሴ ጋር ይሄድ ነበር።

የማርያም ማኅበር ተራዬ የደረሰው በዚህ መካከል ነው። ዳቦ ደፋሁ፣ ንፍሮ ቀቀልሁ፣ ጠላውን ሽታው እንዳይነካው በጭቃ መርጌ ሌላ ቤት አስቀምጬ አመጣሁ። ወለሉን ሣር ጎዘጎዝሁበት። ሽታውን ይሸፍን ብዬ ጠጅ ሣር ከሩቅ አጭጄ ነው ያመጣሁት። ከዚያ ተቀምጬ ጠበቅሁ። ፀሐይ ዘቅዘቅ ስትል አንዲት ማኅበርተኛ መጥታ በሩ ላይ ቆመች። አልገባችም።

«እታለም፣ አትቀየሚን» አለች። «እዚህ ቁጭ ብሎ እህል የሚቀምስ አልተገኘም። ጽዋው ወደ ላይ ቤት ዞሯል። አንቺ ግን ነይ፤ ሁሉም ነይ ብለውሻል።»

«መጣሁ» አልኋት። አልሄድሁም። የራሴን ተራ በሰው ቤት እንግዳ ሆኜ ልቀመጥበት አቃተኝ።

ደጄ ላይ ቁጭ ብዬ ሳለሁ አንዲት ፋቂ ሴት ከሥራ ስትመለስ በአጥሬ ሥር አለፈች። ሁልጊዜ ታልፋለች፤ እኔ ሰላም ብያት አላውቅም። የዚያን ለት ምን እንደገፋኝ አላውቅም፣ «ነይ ግቢ» አልኋት።

ወደ ኋላዋ ዞር ብላ ሌላ ሰው እንደሆነ የጠራሁት አየች። «እኔን ነው እሜቴ?»

«አንቺን ነው። የማርያም ነው፤ ቅመሺ።»

«ኧረ እኔ ፋቂ ነኝ።»

«አውቃለሁ። ግቢ።»

ቤት ውስጥ አልገባ አለች፤ ደፉ ላይ ተቀመጠች። ዳቦውን ስሰጣት በእጇ አልተቀበለችኝም፣ ነጠላዋን ዘረጋችልኝ። እኔም ፈርቼ ነበር፤ የሚባለውን ሰምቼ ያደግሁ ነኝና ዓይኗን ላለማየት ወደ ወንዙ አያለሁ። እሷ ግን ስትበላ አቀርቅራ ነው። ባሏን ጣሊያን ለመንገድ ሥራ ወስዶት እንዳልተመለሰ ነገረችኝ። ፋብሪካ የመጣችውም እሱ ቢመለስ እዚህ ያልፍ ይሆናል ብላ ነው። «ያንቺስ?» አለችኝ።

«ለንግድ ወጥቷል» አልኋት።

«ይቅናው» አለች፤ ሌላ አልጠየቀችኝም። ከዚያ ወዲያ ከሥራ ስትመለስ ደፌ ላይ ትንሽ አረፍ ማለት ጀመረች። እኔ እፈትላለሁ፣ እሷ እጇን በአፈር እየፈተገች ኖራውን ታስለቅቃለች። ብዙ አንነጋገርም ነበር። በዚያ ወራት ግን ቤቴ ደጃፍ የተቀመጠ ሰው ቢኖር እሷ ናት።

ሁዳዴ ሲገባ ነፋሱ ተገላበጠና ሽታው ወደ ላይ፣ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ወጣ። በቅዳሴ ላይ ሰው አፉን ይዞ እየወጣ ያስመልስ ጀመር። እስከዚያ የታችኞቹ ችግር የነበረው የሁሉም ሆነ። ጎረምሶቹ ግን ጣሊያኑን ስለፈሩ ቁጣቸውን ያወረዱት በፋቂዎቹ ላይ ነው። አንድ እሑድ ጎጆዎቹን በድንጋይ ደበደቧቸው። ያቺ ሴት ግንባሯ ተፈንክቶ፣ ደሙን በነጠላዋ ይዛ፣ ደጄ መጣች። የዚያን ለት ነው ቤት ያስገባኋት።

ቁስሏን አጥቤ ካሰርሁላት በኋላ ወደ መሪጌታው ሄድሁ። መሪጌታው አባቴን የሚያውቁ፣ ከተማው የሚያከብራቸው የቅኔ መምህር ናቸው። ከቤታቸው ደጅ ላይ ዳዊት ሲደግሙ ደረስሁ።

«አባ፣ ልጆቹን ይገሥጹልኝ» አልኋቸው። «ሴቲቱን ፈነከቷት። ፋብሪካውን የተከለችው እሷ አይደለችም።»

ዳዊታቸውን ከደኑ። ከዚያ፣ «ልጄ፣ እኔም እግዚኦ ባልሁ ቁጥር አፌ ውስጥ የሚገባው እሱ ነው» አሉ። «ግን እውነትሽን ነው። ድንጋይ መወርወር ከሆነማ ወደሚገባው ወገን መወርወር ነበር። ያ ደግሞ ከተማውን ያስፈጃል። እንግዲህ ቃል እንወርውር።»

መሰብሰብ የተከለከለ ነበር። ስለዚህ መሪጌታው የቤተ ክርስቲያኑን አጥር እንጠግን ብለው ሰዉን ጠሩ። እኛ ሴቶቹ ጭራሮ እያቀበልን፣ ወንዶቹ አጥሩን እያጠሩ፣ ነገሩ ተመከረ። አንዱ ሄደን እንጩህ ይላል፣ ሌላው ዝም ብለን እንቻለው ይላል። የተስማማንበትን ነገር ያመጣችው አንዲት አሮጊት ናት። «ፋሲካ እየመጣ አይደል? ማን ነው በግ የማያርድ? ቆዳውን አንሽጥለት። ጫማውን በምን ሊሰፋው ነው?» አለች። ሰው ሁሉ ሳቀ፤ ግን ያዘው።

ፋሲካ ሆነ። በየቤቱ ታረደ፤ ለፋብሪካው ግን ቆዳ የሚሸጥ ጠፋ። አንዳንዱ ቀበረው፣ አንዳንዱ በአህያ ጭኖ ደምበጫ አወረደው፣ አንዳንዱ አንጥፎ ተኛበት። በዙሪያው ያለው ገበሬም ነገሩን ሰምቶ ቆዳውን ያዘ። የቆዳ ገዢዎቹ ባዶ በቅሎ እየነዱ ሲመለሱ ከደጄ ሆኜ አያለሁ። ጉድጓዶቹ ለአፍታ ጸጥ አሉ፣ ሽታውም ቀለል አለ። ባለፋብሪካው ጣሊያን ግን ከሰሰን።

የከተማው የጣሊያን ሹም ሽማግሌዎቹን አስጠራ። «ይህ አመፅ ነው፤ ከሽፍቶቹ ጋር የተመከረ ነው» አለ ተባለ። እኛ ሴቶቹም ተከትለን ሄደን ከግቢው በር ላይ ቆምን። አስካሪዎቹ፣ የጣሊያን ጥቁር ወታደሮች፣ ጠመንጃቸውን አግድም ይዘው ከለከሉን እንጂ አላባረሩንም። ሹሙ ደረጃው ላይ ወጥቶ ቆመ፤ ከጎኑ አስተርጓሚው፣ አንድ ዝምተኛ ጎልማሳ፣ አለ።

መሪጌታው ጥምጥማቸውን አስተካክለው፣ እጅ ነሥተው፣ እንዲህ አሉ፤ «ጌታዬ፣ አመፅ አይደለም። ከላያችን የተቀመጠ ክፉ ሽታ አለ። እሱ ከመጣ ወዲህ እህል አይረጋልን፣ እንቅልፍ አይወስደን። ከላያችን ይነሣልን እንጂ፣ ሌላ የምንለምነው የለንም።»

ከኋላችን የቆመች አንዲት ሴት ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጎሰጎሰች። ወርቁ ለኛ ገብቶናል። አስተርጓሚውም አቀርቅሮ ትንሽ ቆየ፤ ገብቶታል። ከዚያ ቀና ብሎ ለሹሙ ሰሙን ብቻ ሰጠው መሰለኝ፣ ሹሙ ራሱን ነቀነቀ። ሳቄን ይዤ ቤቴ ስደርስ የምነግረው ሰው ፈለግሁ። ባሌ እንዲህ ያለ ነገር ሲሰማ ጉልበቱን እየመታ ነበር የሚስቀው። ለባዶው ቤት ጮክ ብዬ ተናገርሁትና አፈርሁ።

ሹሙ በዓይኔ ልይ ብሎ ነበር። ሽታው የሚብሰው የት ነው ቢል ሁሉም ወደ እኔ ቤት አመለከቱ። መሪጌታው መጥተው፣ «ልጄ፣ ካልፈቀድሽ አይገባም። ያለሽበትን ነገር አውቃለሁ» አሉኝ። ባሌ ጫካ ያለ ሴት የጣሊያን ሹም ቤቷ ማስገባት ምን እንደሆነ እሳቸውም እኔም እናውቃለን። ግን የዚያ ሁሉ ሰው ተስፋ በኔ ደጅ ቆሟል። «ይግባ» አልሁ።

በተባለው ቀን እኩለ ቀን ላይ መጣ። ቁመቱ ረዥም ስለሆነ ጎንበስ ብሎ ገባ። መደቡ ላይ ተቀመጠ፤ ጠላ ቀዳሁለት። ዓይኑ በቤቱ ውስጥ ዞሮ ዞሮ ግድግዳው ላይ ባዶውን የቀረ የኮርቻ መስቀያ ላይ ቆመ። አንድ ነገር ተናገረ።

«ባልሽ የት ነው ይላሉ» አለ አስተርጓሚው።

«ለንግድ ወጥቷል።»

«ወዴት?»

«ወደ ደምበጫ ነው ያለኝ።»

ያልሁት ይኸው ነው። አስተርጓሚው ግን ወደ ሹሙ ዞሮ ብዙ ተናገረ፤ እጁን ወደ ወንዙ፣ ወደ ማሰሮዎቹ፣ ወደ ዝንቡ ያሳያል። ምን ብሎ እንዳዳነኝ እስከ ዛሬ አላወቅሁም። በዚህ መካከል ከላይ የጉድጓዱን ውሃ ለቀቁት መሰለኝ፣ ሽታው እንደ ጎርፍ ወረደ። ሹሙ ዋንጫውን ወደ አፉ አስጠግቶ መልሶ አስቀመጠው። መሐረብ አውጥቶ አፍንጫውን ያዘ፤ ፊቱ ነጣ። ተነሥቶ ሲወጣ ራሱን ጉበኑ ላይ መታው። አጥሩ ጥግ ሄዶ አጎንብሶ ቆየና ሲመለስ ለአስተርጓሚው አጭር ነገር ተናገረ።

አስተርጓሚው ወደ ሰዉ ዞሮ፣ «እዚህ ሰው ሊኖር አይገባም ብለዋል» አለ።

አቤት እልልታ! ሴቶቹ እኔን አቀፉኝ፤ ስንት ወር ያልነካኝ ሰው ሁሉ አቀፈኝ። እኔም እልል አልሁ። የዚያን ለት ከሰዓት በኋላ ቤቴ ሰው ሞልቶበት ዋለ።

ከጥቂት ቀን በኋላ በጠዋት አስካሪዎችና ቀን ሠራተኞች ዶማ ይዘው መጡ። አስተርጓሚው ከፊት ነው፤ ዓይኔን አላየኝም። «እቴ፣ ትእዛዝ ነው» አለ። «ያን ለት የተናገሩት ስለ ፋብሪካው አልነበረም። ስለ ቤቱ ነው።»

ሰው ሊኖር አይገባም ከተባለ፣ እነሱ የሚያነሡት ሰውን ነው። የኔ ቤትና የፋቂዎቹ ጎጆዎች እንዲፈርሱ ተወሰነ። ለወንዙ ደግሞ ቆሻሻውን ከከተማው በታች አርቆ የሚያፈስስ ቦይ ሊቆፈር፣ ጉድጓዶቹም ክዳን ሊደረግላቸው ነው። ማሰሮዎቼን፣ እንዝርቴን፣ የአባቴን ዳዊት እንዳወጣሁ ጣሪያውን በገመድ ጎተቱት። መሪጌታው መስቀላቸውን ይዘው በሩጫ ደረሱ፤ ደርሰውም የሚያደርጉት አልነበራቸውም።

«ልጄ፣ እኔ ነኝ ያፈረስሁብሽ» አሉ።

«እርስዎ አይደሉም አባ» አልኋቸው። ግድግዳው ሲወድቅ የሚያሰማው ድምፅ ትንሽ ነው፤ ጭቃ ነውና።

ፋቂዎቹን ከከተማው በስተጀርባ፣ ከጣሊያኖቹ ምሽግ ሥር ወሰዷቸው። ያቺ ሴት ጓዟን ተሸክማ ስታልፍ ቆም ብላ፣ «እሜቴ፣ ባልሽ ሲመጣ ማን ይነግረዋል?» አለችኝ። ለንግድ መውጣቱን እንዳላመነችኝ ያን ጊዜ አወቅሁ። እጇን ሳምኋት። ከዚያ በኋላ በዓይኔ አላየኋትም፤ ጣሊያን ሲወጣ ወደ አገሯ ሄደች የሚል ወሬ ብቻ ሰማሁ።

ቦዩ ተቆፈረ፤ ሽታው ቀነሰ። ሰፈሩ ለእግዚአብሔር ምስጋና ብሎ ጠበል ጠዲቅ አወጣ፤ እኔንም ከፊት አስቀመጡኝ። ቤቴ ከፈረሰ ወዲህ የምኖረው በመሪጌታው ግቢ ውስጥ፣ ተማሪዎች በለቀቋት ጎጆ ነበር። ክፉ አልሠሩብኝም፤ እህል አልጎደለብኝም። ግን ሰው እየመጣ ሲጠይቀኝ በዚያ ሰው ሁሉ መካከል ከበፊቱ የባሰ ብቻዬን ነበርሁ። ልቤ ያለው ወንዙ ዳር ነው። ውሃ ልቀዳ እያልሁ እወርድና ፍራሹ ላይ እቆማለሁ። አንድ ዘበኛ ደጋግሞ ስላባረረኝ ተውሁት። ደምበጫ ገበያ ለምትወርድ ሴት፣ ወደ ጫካ የሚያልፍ ካገኘች ቤቷ ፈርሷል፣ እሷ መሪጌታው ዘንድ አለች እንድትልልኝ ነገርኋት። ይድረስ አይድረስ አላወቅሁም።

ጣሊያን ከተማውን ለቅቆ ሲወጣ አርበኞቹ ጎፈሬያቸውን አበጥረው ገቡ። መንገድ ዳር ቆሜ የእያንዳንዱን ፊት ሳይ ዋልሁ። እሱ የለበትም። ከዚያ በኋላ፣ ሰው ሁሉ ወደየቤቱ ከተመለሰ ወዲያ ነው አንድ ከሰዓት በኋላ መሪጌታው ግቢ የመጣው። ከስቷል፣ ጠጉሩ ሸብቷል። እኔን ሲያይ መሬት ላይ ቁጭ አለ።

«አለሽ?» አለኝ።

«አለሁ።»

«ማዶ ካለው ጉብታ ላይ ሆኜ ቤቱን አጣሁት። ሰው ላክሁ። ጣሊያን አፈረሰው፣ ከፍራሹ በቀር ሰው የለም አለኝ። በኔ ምክንያት የገደሉሽ መሰለኝ።» ፊቱን በጋቢው ሸፈነ። «ተዝካርሽን አውጥቻለሁ።»

መልእክቴ አልደረሰም ማለት ነው። እኔ እዚህ ጥጥ እየፈተልሁ፣ እሱ ቆላ ላይ ስለ ነፍሴ ድግስ አብልቷል። ሌላውን እኔው ጠየቅሁት፤ እሱ ሊጀምረው አልቻለም። ቆስሎ ያስታመሙት ሰዎች ልጃቸውን ሰጥተውታል። ወንድ ልጅ ወልዳለታለች።

«ምን ላድርግ? አንቺ ፍረጂ» አለኝ።

ቢያታልለኝ እቆጣ ነበር፤ እሱ ግን አልቅሶ ቀብሮኝ ነው። «ልጅህን አሳድግ» አልሁት።

«መሬቱ ያንቺ ነው። ቤቱን መልሼ ልሥራልሽ።»

«አልፈልገውም።»

ጠላ ቀዳሁለትና ጠጣ። ለዓይን ያዝ ሲያደርግ ተነሣ፤ እስከ በር ሸኘሁት። ባልና ሚስት የሚለያዩት በዳኛ ፊት ነው፤ እኛ ግን እዚያው በር ላይ ተለያየን።

ከመስቀል በኋላ መንገዱ ሲደርቅ መሪጌታውን ተሰናብቼ ወደ ቁይ ሄድሁ። አጎቴ አርጅቶ ዓይኑ ደክሞ ነበር፤ ማን እንደሆንሁ በድምፄ ነው የለየኝ። ሚስቱ ውሃ አሙቃ እግሬን አጠበችኝ፣ መኝታ አነጠፈችልኝ። ስንት ቀን እንደምቆይ አልጠየቀችኝም፤ እኔም አልነገርኋትም።